ወደ ውጭ የወጣው ጎማ

ጥቁር የለበሰችው ሴት ጎሚስታውን በዓይነ ቁራኛ ታየዋለች። የባሏ ፒካፕ ፍሬን እምቢ ብሏት ገደል የገባችው እሱ ጎማው የሚታሰርበትን ብረት፣ ቸርኬውን፣ በቀየረላት ሳምንት ነው።

«ጎማው የፍሬኑን ቱቦ እየፋቀ በጠሰው፤ ባሌን የበላው ያንተ ቸርኬ ነው!»

«ማን ነገረዎት፣ እትዬ?»

«ወንድሙ ነዋ!» የባሏ ወንድም ከኋላዋ ቆሟል።

«ቸርኬው ጎማውን ወደ ውስጥ የሚያስገባ ቢሆን ኖሮ ቱቦውን ይፍቅ ነበር። ይኼ ግን ጎማውን ከቱቦው አርቆ ወደ ውጭ የሚያወጣ ነው፤ ይዩት።»

ጎሚስታው ከገደል ተጎትታ ከመጣችው ፒካፕ ሥር ገብቶ በጎማውና በቱቦው መሃል የጨበጠ እጁን አሳለፈ። ከዚያ ቱቦውን ፈቶ ሰጣት። የተበጠሰበት ጫፍ አልተፋቀም፤ በምላጭ እንደተቆረጠ ጥርት ያለ ነው።

«በቃ ስንዱዬ፣ ያለቀ ብረት ነው፤ ዛሬውኑ ለቁራሌ ይሸጥ» አለ የባሏ ወንድም፣ ቱቦውን ሊቀበላት እጁን እየዘረጋ።