የበረሃው ሥራ ሥር ትምህርት

ዘማቹ መለሰ በዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት የተማረውን የዕፅዋት ትምህርት ለመካነ ሰላም ገበሬዎች ሊያካፍል ቆርጦ ተነሣ። ማንም አልለመነውም። በ1968 ዓ.ም. ከከተማው ወጣ ባለች አንዲት ቀበሌ፣ እሑድ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ይቆማል። ከዓባይ በረሃ የለቀመውን ሥርና ቅጠል ጆንያ ላይ ዘርግቶ ያስተምራል።

«ረሃቡ ተመልሶ ቢመጣ፣ ከበረሃው ዕፅዋት የሚበላውንና የሚገድለውን ለይታችሁ ማወቅ አለባችሁ» ይላቸዋል።

ደገኛው የራሱን ጋራ ቅጠል ያውቃል፤ የበረሃውን ግን አያውቅም። ቢሆንም በዚያ ዓመት ገብሱ ደህና ይዞ ስለነበር፣ ሰዉ ጥቂት ሰምቶ እየተሳሳቀ ወደየቤቱ ይሄዳል። እስከ መጨረሻው የምትቆየው ወርቂቱ ብቻ ነበረች፤ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር የአካሉ ሚስት።

መለሰ መጀመሪያ ደስ አለው። ቆይቶ ጥያቄዎቿ ይከነክኑት ጀመር።

«መምህር፣ ይኼ ሥር ሳይበስል ቢበላ ምን ያደርጋል?»

«ጥሬውን ማን ይበላዋል፣ እትዬ ወርቂቱ?»

«እንዲያው ለማወቅ ነው። ሕመሙ ወዲያው ይጀምራል ወይስ ይቆያል?»

እንደየሥሩ እንደሚለያይ ነገራት። እሷም ጎንበስ ብላ ከጆንያው ላይ ጥቂት ሥር አነሣችና መቀነቷ ውስጥ ቋጠረች።

በዚያው ሳምንት አካሉ ሆዱን ታመመ። ተሻለው ሲባል ደግሞ አገረሸበት። ያ ደልዳላ ሰው ጉንጩ ጎደጎደ።

መለሰ ያረፈው ቦጋለች ከምትባል ባልቴት ቤት ነው። ቦጋለች ወሬ አልወድም ትላለች፤ ከጀመረች ግን የሚያቆማት የለም።

«ክንፈን አታውቀውም» አለችው። «የአካሉ ታናሽ ወንድም ነው። መሬት ሲወረስ ጠመንጃውን ይዞ በረሃ ገባ። አካሉ ባደባባይ ‹ወንድም የለኝም› ብሎ ካደው። አሁን አሰሳውን የሚመራው እሱ ራሱ ነው። ስንቅ እንዳይወርድ መንገዱ ሁሉ ይጠበቃል፤ ጭስ ከታየም ይተኮሳል።»

«እትዬ ወርቂቱስ ምን ይላሉ?»

«እሷማ ምን ትላለች ልጄ። መጀመሪያ ያጫት ክንፈ ነበር።»

መለሰ ከዚህ ወዲያ ማስረጃ አላስፈለገውም። ዕድሜው ገና ነው፤ በዚያ ዕድሜ ሁሉም ነገር የገባን ይመስለናል። አካሉን አውድማው ዳር ብቻውን አገኘው።

«ጋሼ አካሉ፣ እባክዎን ባለቤትዎ የሚሰጡዎትን ነገር አይቅመሱ።»

አካሉ ትክ ብሎ አየው። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«ለሌላ ሰው ተናግረሃል?»

«ገና ነኝ።»

«እንግዲያው አትናገር። አብሽር ልጄ፣ ሚስቴን እኔ አውቃታለሁ።»

መለሰ ከልቡ አዘነለት። ፍቅር ዓይኑን የጋረደው ምስኪን ባል ነው ብሎ አሰበ።

በሚቀጥለው እሑድ ወርቂቱ ዓይኗ ቀልቶ መጣች። ትምህርቱ እስኪጀመር እንኳ አልታገሠችም።

«ምን ያህል ቢበላ ነው ሰው የሚሞተው? ማርከሻስ የለውም?»

መለሰ የመለሰላትን አያስታውስም። ሰውየው በዓይኑ ፊት ሊሞት ነው። ጆንያውን እንደተዘረጋ ትቶ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሮጠ።

ሰኞ ጧት አካሉ ሆዱን እየያዘም ቢሆን አሰሳ ወጥቷል ተባለ። ወዲያው ወርቂቱ የእንጨት ማሰሪያ ገመድ ብቻ ይዛ ወደ ገደሉ ወረደች። አሥር አለቃውና ሁለት ፖሊሶች በርቀት ተከተሏት። መለሰም አብሯቸው ወረደ። መንገድ ላይ ጎንበስ እያለች ሥር ስትነቅል አዩአት።

«ይኸውላችሁ» አለ መለሰ በሹክሹክታ።

«ዝም በል» አለው አሥር አለቃው። «ወደ ሽፍታው ትመራናለች።»

ወርቂቱ ግራ ቀኝ አይታ ቁጥቋጦ የሸፈነው ዋሻ ውስጥ ገባች። መለሰ አካሉን ከሞት ያዳነው መስሎት ልቡ በደስታ መታ። ፖሊሶቹ ጠመንጃቸውን አቀባብለው ቁጥቋጦውን ገለጡት።

ክንፈ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ተጋድሟል፤ አጠገቡ የተቀመጠው አካሉ ጥሬውን ሥር እያኘከ «ታገሥ ወንድም ዓለም፣ እኔን ካላመመኝ ትበላለህ» ይለው ነበር።