የቱቦው ወዲያኛው ጫፍ

መካኒኩ ሃያ ዓመት ሙሉ እጁን ግራሶ ውስጥ ሲነክር ኖሮ፣ የሰው ሞተር ሳይክል ቆሻሻ ዛሬም ይቀፈዋል። አሁን የመጣችለት ሞተር ደግሞ የሚስቱ ታናሽ ወንድም የሆነው የዳቦ አመላላሹ ናት።

«ጋሼ፣ ጠዋት ሞልቻት ለምሳ ባዶዋን አገኛታለሁ። አሁንም ሞልቼያት ነው የመጣሁት።»

«እንደ ባለቤቷ ሆዳም ሆና ነዋ!»

ካርቡሬተሩን ፈታ፤ ንጹህ ነው። እሳት የሚጭረው ካንዴላ ቤንዚን ሲበዛበት እንደሚሆነው አልጠቆረም። ማጣሪያው አልተደፈነም፤ ከሥሯም ጠብ ያለ ነገር የለም። አልተቃጠለ፣ አልፈሰሰ፤ ቤንዚኑ ግን በየቀኑ የውሃ ሽታ ይሆናል።

«እስቲ ቤንዚኑን ቀድቼ የሰርባቶዮውን ውስጥ ልየው» አለና የቤንዚን መያዣዋን ክዳን ከፍቶ ቀጭን ቱቦ ሰደደበት። እንደ ወትሮው ሌላውን ጫፍ አፉ ውስጥ ከትቶ ሳበ።

የመጣው ቤንዚን ለብ ያለ ነው፤ እንደ ሰው ለሃጭ ይዝለገለጋል።

«ቱፍ! ምን ጨምረህበት ነው፣ አንተ ቆሻሻ?»

«ኧረ ምንም፣ ጋሼ!»

እየቀፈፈው ደገመው። ቤንዚኑ በቱቦው ሽቅብ ወጥቶ ከንፈሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ተመለሰ። የመካኒኩ ምራቅ ተከትሎት ሄደ፤ የምላሱም ጫፍ ወደ ቱቦው ቀዳዳ ተሳበ።

«ወጣልህ፣ ጋሼ?» አለ ዳቦ አመላላሹ።

ቱቦው ድንገት ምላሱን ለቀቀው። ሁለቱም በቆሙበት፣ ከሰርባቶዮው ውስጥ አንድ ሰው ተጸይፎ ምራቁን ተፋ።

«ቱፍ!»