ሳህኑ ውስጥ ያሉት

የደም መርማሪዋ ድካም በላይ በላዩ ሲደራረብባት ከንፈሯን ምች መታት። «ሥራሽ ሳመሽ እንዴ?» ብሎ ባልደረባዋ ቀለደባት። እሷ ለመሳቅ እንኳ አቅም አጥታ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰች።

በመስታወት ሳህኑ ውስጥ ያሉት የአንድ በሽተኛ ነጭ የደም ሴሎች፣ ይኸው የምች ቫይረስ ከገባባቸው ወዲህ በሽታ መከላከሉን ትተው ፈዘው ነበር የከረሙት። ዛሬ ግን ሁሉም እሷ በተቀመጠችበት በኩል ጠርዙ ላይ ተሰብስበዋል። ሳህኑን አዞረችው። ተመልሰው ወደ እሷ መጡ። ያየችውን ለባልደረባዋ ነገረችው።

«ድካም ነው፤ በይ ተነሺልኝ» አለና ባልደረባዋ ቦታዋን ያዘ። እሷ በሩን ተደግፋ ቆመች። እሱ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰ።

«ወደ በሩ እየሄዱ ነው» አለ ቀና ሳይል። «እህቴ፣ እስቲ ከንፈርሽን በእጅሽ ሸፍኚው።»

ሸፈነችው።

«ቆሙ።»