የመነሻው ቁጥር

የሆስፒታሉ የኮምፒውተር መረጃ ካሴቶች ጠባቂ ከቴክኒሻኗ ትከሻ በላይ ስክሪኑን ሲያይ ክው አለ። አዲሱ ማሽን ዲስክ ብቻ ነው፤ ካሴት ነኝ እያለ መረጃውን የሚቀዳውን የመጠባበቂያ ፕሮግራም ያሞኛል። እሷ ለነዚያ የውሸት ካሴቶች ቁጥር እየሰጠች ነበር፤ "መነሻ" በሚለው ሳጥን ውስጥም አንድ ብላ ጽፋለች። ቁጥር አንድ ካሴት ግን በእሱ እጅ ነበረች። የሕፃናት የልብ ምርመራ የተቀዳባት፣ ቁጥሯን በገዛ እጁ የለጠፈባት ጥቁር ካሴት።

"ጋሼ፣ ይቺን ከተጫንኩ አለቀ" አለች ሳትዞር። "ከዚያ የካሴቶቹን መደርደሪያ ማፍረስ ይችላሉ።"

"እሺ" አለ። ፕሮግራሙ ካሴት የሚለየው በቁጥር ነው። ያው ቁጥር ተደግሞ ካየ የድሮዎቹን ባዶ ናቸው ብሎ ከመዝገቡ ይሰርዛቸዋል፤ የሃያ ዓመቱ ምርመራ የትኛው ካሴት ላይ እንዳለ የሚያውቅ አይገኝም። ከእሱ በቀር። ጥፋቱ በአዲሱ ማሽን ይላከካል፤ ዛሬ ጠዋት "ከነገ ጀምሮ አትምጣ" ያለው አለቃም ራሱ ሊለምነው ቤቱ ድረስ ይመጣል። ከእሱ የሚጠበቀው ዝም ማለት ብቻ ነበር። ጣቷ ዝቅ ማለት ሲጀምር እጇን ያዘና ካሴቷን ኪቦርዱ ላይ አስቀመጠ።

ቁጥሯን አነበበች። ስክሪኑን አየች። ሳጥኑ ውስጥ የጻፈችውን አንድ ሰረዘችው።

"ከስንት ልጀምር ታዲያ?"

መደርደሪያውን ዞሮ ማየት አላስፈለገውም።

"እኔ አራት ሺህ ሁለት መቶ ስድስት ላይ ነው ያቆምኩት" አለ። "አንቺ ከዚያ ቀጥዪ።"