የጋሽ ላቀው አጋዘን

በዚያ ዘመን የደኑ ወዳጆች ማኅበር አባል የሚሆን ሰው ሁሉ የአንድ አውሬ ስሜት በገዛ አካሉ እንዲሰማው ይፈርም ነበር። አውሬው ሲራብም ሲታመምም ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው። ለጡረተኛው ለጋሽ ላቀው የደረሰቻቸው አንዲት የደጋ አጋዘን ናት።

የፋሲካ ዕለት ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ዶሮ ወጡን ሲያቀርቡ ሽታው ጋሽ ላቀውን አንገሸገሻቸው። ያን ሁሉ ጾም ጾመው ያማራቸው ወለሉ ላይ የተጎዘጎዘው ቄጠማ ነበር። ጎንበስ ብለው አንድ እፍኝ ጎረሱ።

«አንተ ሰውዬ፣ እንግዳ ሳይመጣ ቤቴን ልትግጠው ነው?» አሉ እትዬ ዘነበች።

ጋሽ ላቀው ድንገት ግራ እግራቸውን ይዘው ጮኹ። ሽቦ ቁርጭምጭሚታቸውን የሚቆርጠው ያህል ተሰማቸው። ወዲያው ለማኅበሩ ሰብሳቢ ለሲፈን ደወሉ።

«ወጥመድ ይዟታል! ጆሮዬ ላይ የደኑ ፏፏቴ ይጮኻል!»

አባላቱ የበዓል ልብሳቸውን እንደለበሱ ወደ ፏፏቴው ሮጡ፤ ጋሽ ላቀውም እያነከሱ ተከተሉ። አጋዘኗን ከሽቦው ሲያላቅቋት የእሳቸውም እግር ተፈታ።

ሲፈን የአጋዘኗን ሆድ ዳበሰችና ሳቋ መጣ። «ጋሽ ላቀው፣ አርግዛለች። ከፈለጉ ስሜቱን አሁኑኑ ላቋርጥልዎት እችላለሁ።»

ጋሽ ላቀው ላባቸውን ጠረጉ። «ብቻዋን ልትወልድ? አይሆንም» አሉ።

ቤት ተመልሰው ይህን ሲነግሯቸው እትዬ ዘነበች ከት ብለው ሳቁ።

«አምስቱን ልጆች ስወልድ አንተ ደጅ ቆመህ ‹አይዞሽ› ትለኝ ነበር። አሁን ደጅ የምቆመው እኔ ነኝ!»