የሰፈሩ ወኪል

«በስምዎ የገባ ማመልከቻ የለም» አለ የጅምላ ቀለም አከፋፋዩ የሽያጭ ኃላፊ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል።

«እስቲ እንደገና ይዩልኝ። ሦስት ወር ሆኖታል። ወንድሜ ነው በእጁ ያስገባው።»

መታወቂያዋን አንስቶ ፊደል በፊደል እያስተያየ እንደገና ፈለገ። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራት «ባለቀለሟ» እያለ ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት ቀለም ስትበጠብጥና ስትሸጥ ኖራለች፤ ጥፍሯ ሥር የገባው ሰማያዊ ታጥቦም አልለቅ ብሏታል። ዘንድሮ ግን ነገር ከፋ። ጅምላ አከፋፋዩ «ከእንግዲህ ዕቃ የምሰጠው ለተፈቀደላቸው ወኪል ቸርቻሪዎች ብቻ ነው» ካለ ወዲህ፣ ከሦስተኛ እጅ የምታገኘውም ቀጥ አለ። ቀለም ቀቢዎቹ «እትዬ፣ ነጭ አልገባም?» እያሉ ይመጡና ሌላ ሰፈር ፍለጋ ይሄዳሉ።

የወኪልነት ቅጹ ስድስት ገጽ ነበር። እሷና ወረቀት ደግሞ እሳትና ጭድ ናቸው። «አንቺ ቀለምሽን በጥብጪ፣ ወረቀቱን ለእኔ ተዪው» ያላት ታናሽ ወንድሟ ነው። ሱቁንም ከግራ ከቀኝ ፎቶ ያነሳው እሱ ነው። ስትመርቀው «ምን አለበት፣ ያንቺ የኔ አይደል?» አላት። ዛሬ ጠዋት ራሷ ሄዳ እንደምትጠይቅ ስትነግረው «ምን አደከመሽ፣ ይጠሩሽ የለ?» ብሎ ሊያስቀራት ሞከረ። እምቢ ስትለው ታክሲ ድረስ ሸኛት።

«ለማንኛውም ሰፈሩ ተይዟል» አለ ኃላፊው። «ባለፈው ሳምንት ነው የተፈቀደው። በአንድ ሰፈር ከአንድ ወኪል በላይ አንሰጥም።»

«ለማን? እኛ ሰፈር ከእኔ ሌላ ቀለም ቤት የለም እኮ!»

«አለ እንጂ። እንዲያውም ደህና ሱቅ ነው።» ተነስቶ ከቁም ሳጥኑ ፋይል አወጣና ገልጦ ወደ እሷ አዞረላት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሊረዳት ፈልጎ ነው። «እኛ የምንፈልገው እንደዚህ ያለውን ነው። አደራደሩን ይዩት፣ ንጽሕናውን ይዩት። ምናልባት ሌላ ሰፈር ሲያመለክቱ ይጠቅምዎታል።»

ፎቶው ላይ የዘይት ቀለሙ ከላይ፣ የውሃ ቀለሙ ከታች ተደርድሯል። ብሩሾቹ በየጣሳው ውስጥ ቆመዋል። ሦስተኛው መደርደሪያ በስተግራ በኩል ጎበጥ ብሏል፤ በእሱ የተነሳ ከአናጺው ጋር አንድ ሳምንት ተኳርፋለች። ጥግ ላይ አንዲት ሴት መሰላል ወጥታ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ጣሳ ታወርዳለች።

«ይህቺ ማናት?» ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት።

«የሱቁ ሠራተኛ ትሆናለች።»

ከፎቶው ሥር ስም ተጽፏል። የአባቷ ስም አለበት፤ ፊት ያለው ስም ግን የእሷ አይደለም። ለካስ ወንድሟ ከሱቋ ጎን ያለው ፀጉር ቤት ሲለቅ ተሽቀዳድሞ የተከራየው፣ እንዳላት ስልክ ሊጠግንበት አልነበረም።

«ይሄ የእኔ ሱቅ ነው» አለች። «ይህቺም እኔ ነኝ።»

ኃላፊው ፎቶውን አየ፣ እሷን አየ። በጀርባ የተነሳን ሰው ከፊት እንዴት እንደሚያመሳስል የጨነቀው ይመስል ነበር። ሄዶ በሩን ዘጋው።

«እውነት ከሆነ ሐሰተኛ ሰነድ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቅሬታዎን ይጽፋሉ፤ እኛ ለሕግ ክፍል እናስተላልፋለን። ከዚያ ፖሊስ ነው። ይታሰራል።»

«ፈቃዱስ? ለእኔ ይዞርልኛል?»

«ክርክሩ እስኪያልቅ ሰፈሩ ይዘጋል። ሁለት ዓመትም ሦስት ዓመትም ሊፈጅ ይችላል፤ አልዋሽዎትም።» ንጹሕ ወረቀትና እስክሪብቶ ወደ እሷ ገፋ አደረገ። ከዚያ መታወቂያዋን ዳግመኛ አየና ገባው። «ወንድምዎ ነው፣ አይደል?»

እስክሪብቶውን አነሳች። አራት ዓመቱ ላይ ውሃ መስሎት ነጭ ጋዝ የጠጣ ቀን፣ አዝላው ሐኪም ቤት ድረስ በባዶ እግሯ ሮጣለች። አሁን ሚስቱ ወሯ ገብቷል፤ የሚወለደውን ልጅ ልብስ እንኳ የገዛችለት ባለቀለሟ ናት። ጻፊ ጻፊ አላት። እጇ ግን የመጀመሪያውን ፊደል አልጀምር አለ።

«ወንድም ጋሻ ነው ይባላል» አለች፣ እስክሪብቶውን መልሳ እያስቀመጠች። «መታወቂያዬን ይስጡኝ።»

ከግቢው በር አጠገብ አንድ የጭነት መኪና እስከ አፉ ጣሳ ጭኖ ቆሟል። ሾፌሩ በአንድ እጁ ማዘዣ፣ በሌላው ስልክ ይዞ ይነጫነጫል። «ዕቃህን ተቀበል ሲሉት ስልክ የማያነሳ ምን ዓይነት ነጋዴ ነው!» ባለቀለሟን ሲያያት ወረቀቱን ዘረጋላት። «እናቴ፣ ይሄን ሰፈር ያውቁታል?»

አነበበችው፤ ከሰፈሩ በላይ የወንድሟ ስም አለ። «እኔም ወደዚያው ነኝ።»

«እንግዲያው ይግቡ፤ መንገዱን ያሳዩኛል።»

ደግፎ ጋቢና አስገባት። በየጉድጓዱ ከኋላዋ ጣሳዎቹ እርስ በርስ ይንኳኳሉ።

«ዳቦ ቤቱን እለፍና በቀኝ ታጠፍ» አለች ሰፈሯ ሲቃረቡ። «ሁለት ሱቆች ጎን ለጎን ታገኛለህ።»

«የቱ ጋ ነው የማራግፈው?»

ሰማያዊ የገባበትን ጥፍሯን አየች።

«ቀለም የማይሸተው ጋ።»

ሾፌሩ ቀልድ መስሎት ሳቀና ማርሽ ቀየረ።