አንቱታ

ቤቱ አሮጌዋ ሚኒባሱ ናት፤ ፍራሹም ድስቱም እዚያው ነው። ዝናቡ ባበቃ ቁጥር እየነዳ ላንጋኖ ይወርድና በሐይቁ ዳር ካምፕ ለእንግዳ ድንኳን ሲተክል ይከርማል። እንደሱው በራሱ መኪና ውስጥ ከሚኖረው ከጉተማ ጋር ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ቆመው ሠርተዋል።

አምና ግን የካምፑ ኃላፊ ምንታምር ጉተማን «እርስዎ» ስትለው ሰማ። እሱ «አንተ»፣ ጉተማ «እርስዎ»! አንድ ችካል አብረው እየመቱ! ቀናበት። ጉተማ በዚያው ሳምንት መኪናውን አስነሥቶ ሲሄድ ደህና ሁን እንኳ አላለውም።

«አንቱ ሲባል ሥራ ናቀ። ሹመት ያዳብር!» አለ በሆዱ።

ዘንድሮ ጢሙን ተላጭቶ፣ መዶሻውን ይዞ ቢሮዋ ገባ። ምንታምር ከወንበሯ ብድግ አለች።

«እንደምን ከረሙ? ኧረ ይቀመጡ!»

ከረሙ! ይቀመጡ! ደረቱ ተነፋ። ምነው ጉተማ ኖሮ በሰማ!

«መቀመጡ ይቆየኝ፤ ከየትኛው ድንኳን ልጀምር?» አላት እየተጀነነ።

ምንታምር መዶሻውን በሁለት እጇ ቀስ አድርጋ ተቀበለችው።

«አይ አባቴ፣ ከእንግዲህስ ይረፉ። ጉልበት ለሚጠይቅ ሥራ ወጣት ይሻላል ተብሏል። አምና ለጋሽ ጉተማም ይህንኑ ነው የነገርኳቸው።»

ዓይኑ መዶሻው ላይ ቀረ።

«ልጄ» አላት፣ «እባክሽ፣ አንተ በይኝ።»